ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው፤ ሕጉስ የታለ?

ያገሬ ሰው ጉራ የሚነዛ ሲያጋጥመው «ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው» ይለዋል። ወሬህን ተውና ውጣ፣ ግለብ፣ እንይህ ማለቱ ነው። እኔም ዛሬ ይህችኑ አባባል ይዤ የምሞግታቸው ሰዎች አሉ። ጥር በገባ ቁጥር ድንኳን አስተክለው፣ የታሸገ ውኃ ከፊታቸው ደርድረው፣ «ባህላችንን ለዓለም እናስተዋውቃለን» እያሉ ማይክሮፎን የማይለቁ ሹማምንት ናቸው። ክቡራን ሆይ! ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው። ጋላቢውም ይኸው፤ አሥራ ሦስት ዓመት ያልሞላው፣ ራሱ ላይ አንዳች ነገር ያላደረገ፣ ኮርቻው በገመድ የተጠጋገነ ልጅ። ሁሉም አለ። ሕጉስ የታለ?

አንባቢ «ደግሞ የፈረስ ጨዋታ ምን ሕግ ያስፈልገዋል? አገሩ ስንት መከራ እያለበት!» ሊለኝ ይችላል። ሐሳቡን ሳጫውታቸው እንዲህ ያሉኝ ወዳጆችም አሉ። ታገሱኝ። የሕፃን ልጅ ራስ ቅል «ትንሽ ነገር» በሚባልበት አገር ትልቁም ነገር አይከበርም። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንጀምር።

«ፈረሱ ያንተ፣ ልጁ ያንተ»

ባለፈው ጥር፣ በጥምቀት ሰሞን፣ በአንዲት የወረዳ ከተማ የፈረስ ትርዒት ለማየት ሄጄ ነበር። ከተማዋንም አዘጋጆቹንም በስም አልጠራም። ፈርቼ እንዳይመስላችሁ! አንዷን ከተማ ስሟን ጠርቼ ብወቅስ የቀሩት «እኛን አይመለከትም» ብለው እጃቸውን ታጥበው ይቀመጣሉ። ነገሩ ግን የሁሉም ነው።

ሜዳው ሞልቷል። አዋቂዎቹ ጉግሳቸውን ተጫወቱ፤ አቤት ሲያምሩ! ቀጥሎ በድምፅ ማጉያ «አሁን ደግሞ ተተኪዎቻችን፣ የነገ ፈረሰኞቻችን» ተባለና ወደ አሥራ አምስት የሚሆኑ ልጆች ተሰለፉ። ትንሹ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነው ነው። አንድም የራስ መከላከያ ያደረገ አልነበረም። ኮርቻውን የፈተሸ፣ ጠፍሩን የሳበ፣ «ይሄ ልጅ ይህን ፈረስ ይችለዋል ወይ?» ብሎ የጠየቀ ሰው አላየሁም። ሕዝቡና ፈረሱ የሚለዩት በአንዲት ቀጭን ሲባጎ ነው። ሲባጎዋንም ሕፃናት ይጫወቱባት ነበር።

ዳማ ፈረስ የያዘው ልጅ መዞሪያው ላይ ሲደርስ የኮርቻው የሆድ መታጠቂያ ተበጠሰ። ኮርቻው ወደ ጎን ዞረ። ልጁ ወደቀ። ወድቆ ቢቀር ደግ ነበር፤ የላስቲክ ጫማው እርካቡ ውስጥ ተሰንቅሮ ቀረና ፈረሱ ሃያ እርምጃ ያህል ጎተተው። ሕዝቡ እሪ አለ። እናቱ ከየት እንደመጣች አላውቅም፤ ከፈረሱ ቀድማ ደረሰች።

አምቡላንስ? ምን አምቡላንስ አለ! ልጁ በባጃጅ ተጭኖ፣ ራሱ በአባቱ ጭን ላይ ሆኖ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደ። ባጃጁ ከሜዳው ሳይወጣ ድምፅ ማጉያው «ትርዒቱ ይቀጥላል» አለ። ቀጠለም።

ይህን የምጽፈው ለማስለቀስ ብዬ አይደለም። ከዚያ በኋላ የሰማሁት ነገር ስለሚከነክነኝ ነው። አባትየው ከሁለት ሳምንት በኋላ አዘጋጆቹ ዘንድ ሄደ። የሄደው ለክስ እንኳን አልነበረም፤ ለሕክምና የተበደረውን ገንዘብ የሚያግዘው ቢያገኝ ብሎ ነው። ከወንበራቸው ያልተነሱት ኃላፊ እንዲህ ብለው መለሱለት፦ «ወንድሜ፣ ፈረሱ ያንተ፣ ልጁ ያንተ። ማንን ልትጠይቅ ነው የመጣኸው?»

አባት አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። ልጁ ነፍሱ ተርፋለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ራሱን ያመዋል፣ ይረሳል፣ ክፍል ውስጥ የተማረውን ማታ ሲጠይቁት አያውቀውም። የክፍሉ ጎበዝ የነበረ ልጅ ነው።

«ፈረሱ ያንተ፣ ልጁ ያንተ!» ጎበዝ፣ ይችን አነጋገር ያዙልኝ። ፈረሱ የገበሬው፣ ልጁ የገበሬው ነው። ፎቶግራፉስ የማን ነው? ለቱሪስት የተበተነው ማስታወቂያስ? የስፖንሰሩ ባነርስ? ለበላይ አካል የተላከው «በድምቀት ተከብሮ ውሏል» የሚለው ሪፖርትስ የማን ነው? ድምቀቱ የእናንተ፣ ስብራቱ የገበሬው! እንዲህ ያለ ክፍፍል የት አገር ታይቷል?

ሕጉ ምን ይላል?

ኃላፊው «ማንን ልትጠይቅ ነው?» ሲሉ አገሩ ሕግ የሌለው መስሏቸው ይሆናል። አለው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ዛሬም ይሠራል። እስቲ እንግለጠው።

አንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ከእጁ አምልጦም ቢሆን፣ ያልታሰበ አደጋም ቢሆን። አንቀጽ 2072 ደግሞ እንስሳውን ለራሱ ጥቅም ብሎ የያዘ፣ የተከራየ ወይም የተዋሰ ሰው በእጁ እስካለ ድረስ ኃላፊ ነው ይላል። ስለዚህ በየመዝናኛው ለልጆች ፈረስ እያከራየ የሚኖር ሰው «ፈረሱ ነው እንጂ እኔ ምን አደረግሁ» ብሎ ማምለጥ አይችልም። እስከዚህ ደህና ነው።

ችግሩ ፈረሱ የአባት ሲሆን ነው። ልጅ አባቱን አይከስ! ቢከስስ ምን ያገኛል? እንዲያውም በአንቀጽ 2074 መሠረት ጥፋት የሌለበት የእንስሳ ባለቤት እንስሳውን ለተጎጂው አስረክቦ ከዕዳ ነፃ ሊወጣ ይችላል። በወረዳው ሜዳ ላይ የዚያ ፈረስ ባለቤትና የተጎጂው አባት አንድ ሰው ነው። ራሱ ለራሱ ፈረሱን ያስረክብ? ለቀባሪው አረዱት ማለት ይኼ ነው።

ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ሜዳውን የከፈተው፣ ልጆቹን ጠርቶ ያሰለፈው፣ ሕዝቡን የሰበሰበው ክፍል ነው። እሱን የምንይዝበት ገመድ አንቀጽ 2028 ነው፤ በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ይካሳል። የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ ላጠፋው መንግሥትም የሚጠየቅበት መንገድ በአንቀጽ 2126 ተከፍቷል። እዚህ ጋ ግን አንባቢ ልብ ይበል። ተጎጂው «ጥፋት» መኖሩን ማስረዳት አለበት። ጥፋት በምን ይታወቃል?

አንቀጽ 2035 መልሱን ቁልጭ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ሕግ፣ ደንብ ወይም መመሪያ በግልጽ ያዘዘውን የጣሰ ሰው አጥፍቷል፤ ሕጉን አላውቅም ነበር ማለትም አያድነውም። ይህ ማለት ምን ማለት ነው? «ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ የራስ መከላከያ ሳያደርግ በሕዝብ ትርዒት ላይ አይጋልብም» የምትል አንዲት መስመር መመሪያ ብትኖር ያ አባት ፍርድ ቤት ሄዶ ብዙ መለፍለፍ አያስፈልገውም ነበር። መመሪያው ይኸው፣ ልጄ ባዶ ራሱን ጋልቧል፣ አሰልፋችሁታል፣ አበቃ! መስመሯ ስለሌለች ግን ጥፋቱን ከባዶ መገንባት አለበት። ጠበቃ ይፈልጋል፣ ምስክር ይፈልጋል፣ ሐኪም ይፈልጋል። ይህንንም በሁለት ዓመት ውስጥ ካላደረገ አንቀጽ 2143 በሩን ይዘጋበታል። ለሕክምና ብድር የገባ ገበሬ ይህን ይችላል?

ሌላም አለ። አንቀጽ 2068 በስፖርት ጨዋታ ላይ ያለ ሰው አብሮት የሚጫወተውን ወይም ተመልካቹን ቢጎዳ፣ ተንኮል ካላደረገ ወይም የጨዋታውን ደንብ ክፉኛ ካልጣሰ አይጠየቅም ይላል። ሕጉ መልካም ነው፤ ጨዋታ ያለ ጉዳት አይሆንምና። ግን የጨዋታውን ደንብ የጣሰ ለማለት መጀመሪያ ደንብ መኖር አለበት። የልጆች ግልቢያችን የተጻፈ ደንብ የታለው? በስንት ዓመቱ ይጀመራል? ስንት ፈረስ ባንዴ ይለቀቃል? ተመልካች ስንት ሜትር ይርቃል? ያልተጻፈ ደንብ ሲጣስ ማን ያየዋል?

አያችሁ ነገሩን? ደንብ አለመኖሩ ልጆቹን ያለ ጥላ ማስቀረቱ ብቻ አይደለም ጉዳቱ። ኃላፊዎቹን ባለ ጥላ ማድረጉ ነው። ደንብ ያላወጣ ሰው ደንብ ጣሰ ተብሎ አይከሰስም! አንዳንዱ ሰው ደንብ የማያወጣው ሰንፎ ሊመስለን ይችላል። እኔ ግን ስንፍና ብቻ ነው ብዬ ለመማል እቸገራለሁ።

ሕገ መንግሥቱስ? አንቀጽ 36 ሕፃናት ለጤናቸውና ለደህንነታቸው አደገኛ የሆነ ሥራ እንዳይሠሩ ይከለክላል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ደግሞ ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። ታዲያ በየመዝናኛ ሥፍራው ፈረስ እየሳቡ፣ ጎብኚ እያስጋለቡ፣ ማታ ማታ ፈረሱን ያለ ኮርቻ በአስፋልት ላይ ወደ በረት እየጋለቡ የሚወስዱት ልጆች ዕድሜያቸው ስንት ነው? ጠይቁ እስቲ። የሚጠይቅ ጠፍቶ እንጂ መልሱ ከፊታቸው ላይ ይነበባል።

«ባህል ይበረዛል» ባዮች

አሁን ደግሞ ወደ ባህል ጠበቆቹ ልምጣ። «አባቶቻችን ያለ ሄልሜት ጋልበው ዓድዋ ድል አድርገዋል፤ ልጆቻችንን በላስቲክ ቆብ ልታሾፉባቸው ነው?» ይላሉ። ስሜቱ ይገባኛል። ፈረስ ለኛ ጌጥ ብቻ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ባልቻን አባ ነፍሶ ያሰኘ ፈረስ ነው። እንጅባራ ላይ ጥር 23 ቀን የሚወጡት የአገው ፈረሰኞች በ1932 ዓ.ም. ማኅበራቸውን ያቋቋሙት የዓድዋን ፈረሶችና ፈረሰኞች ለማሰብ ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ሕዝብ በፈረሱ ቢኮራ ያንሰዋል እንጂ አይበዛበትም።

ግን እናንተ የባህል ጠበቆች፣ ባህሉን በቅጡ አይታችሁታል ወይ? ጉግስ ከጦርነት ልምምድ የመጣ ጨዋታ ነው። ታዲያ ተጫዋቹ ስለት ባለው ጦር ይወራወራል? አይወራወርም፤ በዘንግ ነው። ለምን? እንዳይገዳደል። ጋሻስ ለምን ይዟል? ለጌጥ ነው? ዘንጉን ሊመክትበት ነው። አባቶቻችን ጨዋታውን ሲፈጥሩ መከላከያውን አብረው ፈጥረዋል። ጋሻ የዚያ ዘመን ሄልሜት ነው! ባህሉ ጥንቃቄ ነበረው፤ እኛ ነን ጌጡን ይዘን ጥንቃቄውን የጣልነው።

እርካቡንም ተመልከቱ። የጥንቱ ጋላቢ በባዶ እግሩ አውራ ጣቱን ብቻ በትንሿ የእርካብ ቀለበት ሰክቶ ነበር የሚጋልበው። ሲወድቅ ጣቱ ሾልኮ ይወጣል። ዛሬ ልጁ የላስቲክ ጫማ ተጫምቶ መላ እግሩን ባልተለካ እርካብ ውስጥ ይወትፋል፤ ሲወድቅ ተጎታች ይሆናል። በአባቶች ስም የሚምሉ ሰዎች አባቶች እንዴት ይጋልቡ እንደነበር እንኳ አልመረመሩም።

ባልደራስ የሚባል ሹመትስ ለምን ነበር? የቤተ መንግሥቱን ፈረስና ፈረሰኛ የሚጠብቅ፣ የሚመረምር፣ የሚጠየቅ አንድ ሰው እንዲኖር ነው። ዛሬ በየሜዳው ሰብሳቢ አለ፣ አስተባባሪ አለ፣ የፕሮቶኮል ኮሚቴ አለ፣ የቲሸርት ኮሚቴ ሳይቀር አለ። ባልደራስ ግን የለም!

በዚያች ከተማ አንድ ጉግስ ሲጫወቱ የኖሩ ሽማግሌ አጠገቤ ቆመው ነበር። «አባባ፣ ድሮም እንዲህ ነበር?» አልኳቸው። «አይ ልጄ» አሉኝ። «እኛን አባታችን ኮርቻ ላይ ሳያወጣን ሁለት ክረምት ፈረስ አስጠብቆናል። ሳርና ውኃ አቅርበን፣ ጀርባውን አሽተን፣ ጠባዩን ካወቅን በኋላ ነው የምንወጣው። ጠፍሩን ራሱ ሳይስበው አይለቀንም። የዛሬዎቹ ለፎቶ ይቸኩላሉ።» እኔ ከዚህ የተሻለ የደህንነት መመሪያ የትም አላነበብኩም።

ሌላው ዓለም እንዴት አደረገ?

«ይኼ የፈረንጅ ቅንጦት ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እሺ፣ ከፈረንጅ በፊት ወደ ሞንጎሊያ እንሂድ። ሞንጎሊያውያን እንደኛ በፈረስ የሚኮሩ፣ በናዳም በዓላቸው ሕፃናትን ረጅም ርቀት የሚያስጋልቡ አርብቶ አደር ሕዝብ ናቸው። እነሱም «ባህላችን ነው» ይላሉ። ግን በሕግ ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይወዳደር ከልክለዋል፤ የራስ መከላከያና ኢንሹራንስም እንዲኖር አዝዘዋል። ሰባት ዓመት ራሱ ያንሳል ብለው የሚሟገቱ የሕፃናት መብት ተከራካሪዎች እዚያው አገር አሉ። እኛ ጋ ሰባት ይሁን አሥራ ሰባት ክርክሩም አልተጀመረም።

ከኛ ባሕር ማዶ ያሉት የባሕረ ሰላጤው አረቦችስ? ለግመል እሽቅድምድም ከድሃ አገር የመጡ ሕፃናትን ያስጋልቡ ነበር። ዓለም ጮኸባቸው። የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2005 ከ18 ዓመት በታች ያለ እንዳይጋልብ ከለከለች፤ ካታርም በዚያው ሰሞን በልጆቹ ፋንታ ትንንሽ ሮቦቶችን ግመሉ ላይ አስቀመጠች። እሽቅድምድሙ ቀረ? አልቀረም። ልጆቹ ብቻ ተረፉ።

አሜሪካ ሂዱ። በ2006 እ.ኤ.አ. ፍሎሪዳ ውስጥ አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ከፈረስ ወድቃ ሞተች። በ2009 ግዛቲቱ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በሕዝብ መንገድና መሰል ሥፍራዎች ያለ ሄልሜት እንዳይጋልቡ ሕግ አወጣች። ለአንዲት ልጅ ሞት አንድ ሕግ! እኛ ጋ ስንት ልጅ ወድቆ ስንት ሕግ ወጣ? የወደቁት እንኳ አልተቆጠሩም።

ኃላፊዎቻችን ደስ የሚላቸውን የአሜሪካ ሕግም ልንገራቸው። ዋሽንግተን የተባለችው ግዛት እ.ኤ.አ. በ1989 የፈረስ ትርዒት አዘጋጅን ከክስ የሚከላከል ሕግ አወጣች፤ አብዛኞቹ ግዛቶችም ተከተሏት። ፈረስ በባሕርይው አደገኛ ነው፤ የሚጋልብ ይህን አውቆ ነው የሚገባው የሚል ነው። «ይኸው!» እንዳትሉ፤ ቆዩ። እዚያም ቢሆን አዘጋጁ ብልሽቱን እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው የተበላሸ ኮርቻ ከሰጠ፣ ወይም የጋላቢውን ችሎታና የፈረሱን ጠባይ ሳያመዛዝን ልጅ ካወጣ ጥላው ይነሳበታል። አዘጋጅን ሊጠብቅ የወጣ ሕግ እንኳ የተበጠሰ ጠፍርን አይምርም!

ለባህል ጠበቆቹ ደግሞ አንዲት ነገር ልጨምር። የአውሮፓ ባላባቶች በፈረስ ትርዒት ላይ በረጅም ጥቁር ባርኔጣ ያጌጡ ነበር። ለነሱ ያ ባርኔጣ ክብራቸው ነው። ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን በውድድሮቹ ላይ ሄልሜት እንጂ ባርኔጣ አይሆንም አለ። አጉረመረሙ፤ ኋላ ግን አወለቁት። የነሱ ባርኔጣ የወለቀ የኛ ልጅ ራስ የማይሸፈነው በምን ሒሳብ ነው? ከፈለጋችሁ ሄልሜቱን ከላይ ጎፈር አልብሱት። ማን ከለከላችሁ? ያምራልም።

«ገንዘብ የለንም»

የመጨረሻው ምሽግ ይቺ ናት። ገንዘብ የለም። እኔ የምለው፣ ለድንኳኑ ገንዘብ ነበረ? ለምሳው? ለባነሩ፣ ለቲሸርቱ፣ ለድምፅ ማጉያው ኪራይ፣ ለእንግዶች አበል ነበረ? ነበረ። ሃያ ሄልሜት አንድ ጊዜ ቢገዛ በየዓመቱ ይሠራል፤ ልጆቹም በየተራ ይዋዋሱታል። ክፉኛ ከተመታ መለወጥ አለበት፤ ሌላ ብዙ ወጪ የለውም። ባነሩ ግን በበዓሉ ማግሥት ለዳስ መሸፈኛ ይሆናል።

ኢንሹራንሱንም እንመልከት። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ማንኛውም ባለ መኪና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ሳይገባ መንገድ እንዳይወጣ በአዋጅ ታዟል። ያቺ ሲጎተቱ የምትውል አሮጌ ታክሲ ሳትቀር ትገባለች። ለሞተረኛም ሄልሜት አድርግ ተብሏል። በሰዓት አርባ ኪሎ ሜትር የሚሮጥ፣ መሪም ፍሬንም የሌለው፣ በሰው ጩኸት የሚደነብር ፍጥረት ላይ የልጅ ራስ ከሁለት ሜትር ከፍታ ሲሰቀል ግን ሄልሜትም ኢንሹራንስም አያስፈልግም! ይሄ ምን ዓይነት አመዛዘን ነው?

ሐኪሞች በፈረስ አደጋ ሰውን የሚገድለው ከሁሉ በላይ የራስ ምት መሆኑን ሲናገሩ ኖረዋል። ራሱን የተመታ ልጅ ተነስቶ ቢስቅም፣ «ደህና ነኝ» ቢልም በዚያው ቀን ተመልሶ ፈረስ ላይ መውጣት የለበትም። ይኼ ስንት ብር ያወጣል? ምንም። አንድ ሰው «ውረድ፣ ይበቃሃል» ማለት ብቻ ነው የሚፈልገው። እኛ ጋ ግን የወደቀ ልጅ ወዲያው ተመልሶ ካልወጣ «ፈሪ» ይባላል። አጨብጭበን ነው የምናስገድለው።

ምን ይደረግ?

ነቀፋ ብቻ ይዘህ መጣህ እንዳልባል የምለውን በግልጽ ላስቀምጥ። የባህልና የስፖርት መሥሪያ ቤቶች፣ የየክልሉም የየወረዳውም፣ እነዚህን በአንድ ገጽ መመሪያ ሊያወጡ ይችላሉ።

አንደኛ፣ በሕዝብ ትርዒትና ውድድር ላይ የሚጋልብ ልጅ ዝቅተኛ ዕድሜ ይወሰን። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሁሉ የራስ መከላከያ ያድርግ፤ ዘንግ በሚወረወርበት የአዋቂዎች ጉግስ ውስጥም ፈጽሞ አይግባ።

ሁለተኛ፣ ከእያንዳንዱ ትርዒት በፊት ፈረሱን፣ ኮርቻውን፣ ልጓሙን፣ ጠፍሩንና እርካቡን የሚመረምር፣ መርምሮም የሚፈርም አንድ ሰው ይኑር። ስሙ ባልደራስ ቢባል ደስ ይለኛል። ያነከሰ፣ የተራበ፣ ጀርባው የቆሰለ ፈረስ አይውጣ፤ እንስሳውም ነፍስ አለው፤ ያመመው ፈረስም ልጅ ይጥላል። ጠላና አረቄ የቀመሰም ፈረስ አይንካ።

ሦስተኛ፣ ተመልካችና ፈረስ በጠንካራ አጥር ይለዩ። የመጀመሪያ ዕርዳታ የሚያውቅ ሰውና ለቁስለኛ የተዘጋጀ መኪና ሜዳው ላይ ሳይቆም ማንም አይነሳ። የወደቀ ልጅ ሁሉ በመዝገብ ይጻፍ። የማይቆጠር ጉዳት አይታረምም።

አራተኛ፣ አዘጋጁ ማን እንደሆነ አስቀድሞ በስም ይታወቅ። ኮሚቴ ሲመሰገን ሁሉም አባል ነው፤ ሲጠየቅ ግን ሰው አይገኝበትም። ኢንሹራንሱንም ስሙን በባነር ያሰፈረው ክፍል ይክፈል። ስሙ እንዲታይ የፈለገ ኃላፊነቱም ይታይ።

አምስተኛ፣ የወላጅ ፈቃድ ይጠየቅ፤ ነገር ግን ፈቃዱ ማምለጫ አይሁን። ወላጅን አስፈርሞ «እንግዲህ ፈርመሃል» ለማለት ወረቀት የሚያዘጋጁ ብልጦች እንደሚመጡ ከወዲሁ ይታየኛል። የአባት ጣት አሻራ የተበጠሰ ጠፍር አይጠግንም።

ይህን ስል ወላጆችን ነፃ ማውጣቴ አይደለም። እኛ ወላጆችም ጥፋተኞች ነን። ልጃችን በሕዝብ ፊት ሲጋልብ ደረታችን ይነፋል፤ ጠፍሩን መሳብ ግን እንረሳለን። የተጎጂው ወገን ያጋራው ጥፋት ቢኖር ግን ካሳውን ይቀንስ ይሆናል እንጂ የሌላውን ጥፋት አይሰርዝም። «አንተም አጥፍተሃል» ማለት «እኔ አላጠፋሁም» ማለት አይደለም።

የእንጅባራ ፈረሰኞችንም አንድ ነገር ልለምን። እናንተ ከ80 ዓመታት በላይ በማኅበር ተደራጅታችሁ ኖራችኋል። መንግሥታት ሲቀያየሩ ማኅበራችሁ ቆሟል። በዓላችሁ በዓለም ቅርስነት ይመዝገብ የሚል ጥያቄም ሲነሳ ቆይቷል። ሹማምንቱን አትጠብቁ፤ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። ስለ ልጆች ጋላቢዎች የተጻፈውን ደንብ እናንተ ቅደሙና አውጡት። ነገ ዓለም ሲመጣ የሚያየው ያማረ ኮርቻ ብቻ አይሁን፤ ልጁን የሚጠብቅ ሕዝብ ይይ። አገሩ ከናንተ ቢማር ያምርባችኋል።

ለሹማምንቱ ደግሞ የቀረኝ ይኼ ነው። ጥር ተመልሶ ይመጣል። ድንኳኑ ይተከላል፣ ማይክሮፎኑ ይሞከራል፣ «የነገ ፈረሰኞቻችን» ይባላል። ከመካከላቸው አንዱ ይወድቃል፤ ፈረስ ባለበት መውደቅ አለ፤ ማንም መመሪያ ይህን አያስቀርም። ጥያቄው ሲወድቅ ራሱ በምን ተሸፍኖ ነበር፣ ማን አነሳው፣ ማንስ ተጠየቀ የሚለው ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ የመመሪያው ረቂቅ ከዛሬ ጀምሮ ቢጻፍ ለጥር ይደርሳል። ካልደረሰና ሌላ አባት በራችሁ ላይ ቢቆም ግን «ፈረሱ ያንተ፣ ልጁ ያንተ» የምትለዋን መልስ ዳግመኛ እንዳትሞክሯት። ይህን ጋዜጣ ያነበበ አባት መልሱን ያውቃል።

ፈረሱ የኔ ነው። ልጁም የኔ ነው። ሜዳው ግን የናንተ ነው። ሕጉስ የታለ?